የጭቃ ሱሪና የኬጂ የቤት ሥራ

እዚህ ፍራንክፈርት ልጄን ኪንደርጋርተን ያስገባሁ ዕለት የሚገዙ ዕቃዎች ዝርዝር ሰጡኝ። ደብተር የለበትም፤ እርሳስም የለበትም። ቦት ጫማ፣ የዝናብ ካፖርት፣ ቅያሪ ልብስ፣ የጭቃ ሱሪ ይላል። የመጨረሻውን ተሳስቼ ያነበብኩት መስሎኝ ሱቅ ሄጄ ስጠይቅ፣ ሻጯ ምንም ሳይደንቃት አንድ ሙሉ መደርደሪያ አሳየችኝ። ማንገቻ ያለው ላስቲክ መሳይ ሱሪ ነው። ልጆቹ እሱን ለብሰው ዝናብ ላይ ይወጡና ጭቃው ውስጥ ዘጭ ብለው ይቀመጣሉ። በእኛ ቤት ለዚህ የሚሰጠው አለንጋ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ አስተማሪዋ ስለ ልጄ ልታነጋግረኝ ጠራችኝ። እኔ የሄድኩት «ፊደል መቼ ነው የምትጀምሩላት?» ልል ነው። እሷ የጻፈችው ግን ሌላ ነው፦ ስትሸነፍ ታለቅሳለች፤ ተራ መጠበቅ እየለመደች ነው፤ ባለፈው ሳምንት ከአንድ ልጅ ጋር በባልዲ ተጣልተው፣ ማንም ሳይገላግላቸው ታረቁ። ይህችን የባልዲ ነገር የነገረችኝ ልክ አንደኛ ወጣች እንደማለት፣ ፊቷ በርቶ ነው። ስለ ፊደሉ ስጠይቃት «እሱ ስድስት ዓመት ሲሞላት፣ ትምህርት ቤት» አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ፣ ግን ማታውኑ ቤቴ ቁጭ አድርጌ ሀ ሁ አስጀመርኳት።

የሚገርመው «ኬጂ» የምንለው ቃል የሄደው ከዚሁ አገር ነው። ኪንደርጋርተን፣ «የልጆች የአትክልት ስፍራ» ማለት ነው፤ የሁለቱ ክፍሎቹ መነሻ ፊደሎች እንግሊዝኛን ተሻግረው እኛ ዘንድ ደረሱ። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1840 ያወጣው ፍሪድሪኽ ፍሮብል የሚባል፣ ገና በጨቅላነቱ እናቱ የሞተችበት ሰው ነው። ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ለልጆች የሰጣቸው ባለቀለም የክር ኳስ፣ የእንጨት ድቡልቡልና ሳጥን ነበር። ልጅ የሚማረው ሲጫወት ነው ማለቱ ግን አላስደሰተም። በ1851 ያኔ ከጀርመን ግዛቶች አንዷ የነበረችው የፕሩሲያ መንግሥት አምላክ የለሽነትና ሶሻሊዝም ይዘራሉ ብሎ ኪንደርጋርተኖቹን አገደ። ሰውየው በዓመቱ ሞተ፤ እገዳው የተነሳው በ1860 ነው። እንዲህ የተለፋበትን ነገር እኛ ስሙን ወስደን አትክልቱን ትተነዋል።

ለገና አዲስ አበባ እህቴ ጋ አረፍን። ልጇ የእኔዋ እኩያ ነው፣ አምስት ዓመቱ፣ ኬጂ 3። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቦርሳውን ሳይሆን ቦርሳው እሱን የተሸከመው ይመስላል። መክሰሱን በልቶ ጠረጴዛ ላይ ተሰየመ። ሁለት ገጽ እንግሊዝኛ፣ አንድ ገጽ አማርኛ፣ አንድ ገጽ መደመር። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ «ለ»ን ሲጽፍ እንቅልፍ ወስዶት እርሳሱ ደብተሩ ላይ ረጅም መስመር አሰመረ። እህቴ ቀስቅሳ አስጠፋችው።

«ምነው ይህን ሕፃን!» አልኳት።

«እትዬ፣ አንቺ ምን አለብሽ! እዚህ አንደኛ ክፍል ለመግባት ፈተና አለ። ካላነበበ ደህና ትምህርት ቤት ማን ይቀበልልኛል?»

መልስ አልነበረኝም። እኔም ማታ ማታ ሀ ሁ የማስቆጥረው በሌላ ሳይሆን በዚሁ ፍርሃት ነው። ጀርመኖች እስከ ስድስት ዓመት ያጫውቱና፣ እኔ ባለሁበት በሄሰን ግዛት አራተኛ ክፍል ሲያልቅ፣ ገና በአሥር ዓመታቸው፣ ይለዩዋቸዋል፤ ይሄ ወደ ዩኒቨርሲቲ ወደሚያመራው ጂምናዚየም፣ ያ ወደ ሌላው። ቤቱ ጀርመንኛ የማይነገርበት ልጅ ያችን ዕድሜ ወደኋላ ቀርቶ ቢደርስ ማን ይጠብቀዋል? እዚህ ያለን ሐበሾች ለዚህ ነው ጭቃውን እያደነቅን በጎን አስጠኚ የምንፈልገው።

ደግሞ «በእኛ ጊዜ ሜዳ ሞልቶ ነበር» የሚለውን ወሬ እኔ ላይ አታምጡ። የሞላው ለወንድሞቼ ነው። እነሱ ብይና የካልሲ ኳስ ሲሉ ሲውሉ እኔ ቡና እየቆላሁ በመስኮት አያቸዋለሁ። ሰኞ ማክሰኞ የተጫወትኩት ሱቅ ስላክ፣ በመንገዴ ላይ፣ ስኳሩን አስቀምጬ ነው። አዋቂው ራሱ ለጨዋታ ፈቃድ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነበር፦ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ»። በቀረው ቀን «ጨዋታ ብቻ!» ስድብ ነው። እንግዳ ሲመጣ ግን «ተጫወት እንጂ» እያልን እንለምናለን።

የበዓሉ ማግስት እህቴን አግባብቼ ልጆቹን ይዘን ወረድን። የኮንዶሚኒየሙ ግቢ መኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ ከሁለት መኪኖች መሃል ትንሽ ቦታ አገኘን። የቤት ሥራ ሰሌዳው ላይ የሚጻፍበትን ጠመኔ ሰርቄ ወርጄ ስለነበር ሰኞ ማክሰኞ ሠራሁላቸው። የእኔዋ ወዲያው አወቀችው። ጀርመን አገር «ገነትና ሲኦል» ይሉታል፤ ሲኦልን ዘለው ገነት ይገባሉ። «ሲኦሉ የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም፣ ሳምንት ብቻ ነው አልኳት።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተጣሉ።

«መስመር ነክተሻል!»

«አልነካም!»

የእሱ አማርኛ ፈጣን ነው፣ የእሷ ይንተባተባል፤ ሲብስባት በጀርመንኛ ጮኸች። እህቴ ልትገላግል ስትነሳ ቀሚሷን ይዤ አስቀመጥኳት። ተፋጠጡ። ከዚያ እሱ ጎንበስ ብሎ ጠጠሩን አየና «እሺ፣ ድገሚ» አላት። የባልዲዋ አስተማሪ ትዝ አለችኝ።

ትንሽ ቆይቶ አንድ መኪና ጥሩንባ እየነፋ ገባ። ጥበቃው «ልጆች፣ ዞር በሉ» አለ፤ ቦታው የሰውየው ነው። መኪናው ሐሙስና ዓርብን ሸፍኖ ቆመ። ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ የእህቴ ልጅ ረቡዕ ላይ እንደቆመ ጠጠሩን በመኪናው ሥር አሾልኮ ወረወረና፣ በአንድ እግሩ እየዘለለ መኪናውን ዞሮ ቅዳሜ ላይ ገባ።