ጣርማ በርን በመሪ ብቻ የወረደ ሹፌር የለም

ባለፈው ሳምንት በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ የቅዳሜ ጠዋት ውይይት ላይ አንድ አድማጭ ደውለው፣ በአሰብ መስመር ለረጅም ዓመታት ያሽከረከሩ ጡረተኛ ሹፌሮች በሕይወት እያሉ ትዝታቸው በድምፅ ተቀድቶ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረቡ። የትራንስፖርት አማካሪ ተብለው የተጋበዙት እንግዳ የሰጡት መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «የጡረተኛ ሹፌር ወግ ለቡና ማጣጫ ይሆናል እንጂ ዕውቀት አይባልም። መንገዱን የሠራው ጣሊያን ነው፣ መኪናውንም የሠራው ጣሊያን ነው፤ እነሱ የያዙት መሪ ነው» አሉ። አዘጋጁም ሳይከራከራቸው ወደሚቀጥለው ደዋይ አለፈ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። አባቴ በ1964 ዓ.ም. በረዳትነት የገባበት የአሰብ መስመር ሥራ ያበቃው በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋው ነው። ዛሬ በሕይወት የለም። ማታ ማታ ይነግረን የነበረውን ማንም አልቀዳውም፤ እኔም አልቀዳሁትም። ስለዚህ የአድማጩ ሐሳብ ምን ያህል የዘገየና ምን ያህል ትክክል እንደሆነ ሲገባኝ የእንግዳው መልስ ያስቆጣኝ በምክንያት ነው።

በመጀመሪያ «ጣሊያን ሠራው» ወደሚለው ልምጣ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በኮምቦልቻና በደሴ በኩል ወደ አስመራ የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና፣ እንዲሁም ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደውን መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን አሠርቷል። ዶማውንና አካፋውን የያዘው የማን እጅ እንደነበረ ለዛሬ ልተወው። ነገር ግን ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጥቷል፤ መንገዶቹን የሚጠብቅ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው ደግሞ በ1943 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ክረምት ሲንደው፣ ጎርፍ ሲቆርጠው፣ ሽፍታ ሲያደባበት በዚያ መንገድ ላይ ማዳበሪያውን፣ ብረቱን፣ ስኳሩን፣ ከአሰብ ማጣሪያ የሚወጣውን ነዳጅ ያመላለሰው ማን ነው? አውሮፕላኑን ቦይንግ ስለሠራው አብራሪዎቻችን ዕውቀት የላቸውም ብሎ የሚናገር ሰው ሰምቼ አላውቅም። በአብራሪው ላይ ለመናገር የሚያሳፍረው ነገር በሹፌሩ ላይ ሲሆን በአደባባይ የሚነገረው ሹፌሩ ስለሚናቅ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

መኪናውንም ጣሊያን ሠርቶታል፤ እውነት ነው። ሹፌሮቻችን ኤንትሬ የሚሉት ፊያት 682 የቶሪኖ ሥራ ነው። ቶሪኖ ሲሠራ ግን የጣርማ በር አየር አብሮት አልተሠራም። ከአሰብ የተነሣ ባለተሳቢ መኪና ከባሕር ጠለል ጀምሮ የአፋርን ቆላ ያቋርጥና፣ በባቲ ዳገት ኮምቦልቻ ይገባል፤ ከዚያ በከሚሴና በሸዋ ሮቢት አድርጎ ደብረ ሲና ሲደርስ ገና ጣርማ በር ይጠብቀዋል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የዚያ ዘመን ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ማርሹን በሰዓቱ ያልቀነሰ ሹፌር ዳገቱ ወገብ ላይ ይቆማል። ረዳቱ ታኮ፣ ማለትም ጎማ ሥር የሚወሸቅ ማቆሚያ፣ ይዞ ከኋላ ጎማው አጠገብ በእግሩ የሚከተለው ለዚህ ነው። አባቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ታኮ ይዞ ያንን ዳገት በጉም ውስጥ በእግሩ እንደ ወጣው ነግሮናል። መሪ የያዘው ከዚያ በኋላ ነው፤ መሪ ሲይዝም የሞተሩን ድምፅ በጆሮው፣ የመንገዱን ጥምዝ በእግሩ ያውቀው ነበር።

መውጣቱ እንኳ ቀላሉ ነው። ጥበቡ ያለው ቡናና ቆዳ ጭኖ ወደ ወደብ ሲወረድ ነው፤ እንግዳው «መሪ ያዙ» ብለው ያለፉትም ይህንኑ ነው። በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚለውን ቃል የማያውቅ የድሮ ሹፌር የለም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የዚያ ዘመን ካምቢዮ (የማርሽ መለወጫው) እንደዛሬው በቀላሉ የሚገባ አይደለም፤ ሞተሩን ከጎማው የሚለየውን ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ረግጦ፣ በመሃሉ ነዳጅ ሰጥቶ የሞተሩንና የጎማውን ዙር ማስማማት ይጠይቃል። ቁልቁለት ከተጀመረ በኋላ ማርሽ ልቀንስ ያለ ሹፌር ማርሹን ያወጣና መልሶ ማስገባት ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ከጎማው ተለይቷል ማለት ነው፤ የሚቀረው ፍሬን ብቻ ነው። ፍሬን ደግሞ መኪናውን የሚይዘው ፍጥነቱን ወደ ሙቀት በመለወጥ ስለሆነ ተከታትሎ ሲረገጥ ይግላል፣ የፍሬኑ ሸራ ይቃጠላል፣ የመያዝ አቅሙ ያልቃል። ስለዚህ ማርሽ የሚመረጠው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ጉብታው ላይ፣ መኪናው ገና ሳይከብድ ነው። ይህ የጭነቱን ክብደት፣ የመንገዱን ርዝመት፣ ዝናቡንና የጎማውን ሁኔታ በአንድ ጊዜ አመዛዝኖ የሚሰጥ ውሳኔ ነው። የሚሰጠውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ባለፈው ጥር ኮምቦልቻ ነበርኩ። ከአስፋልቱ ዳር ባለች ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚሰበሰቡ አራት ጡረተኛ ሹፌሮች አሉ፤ ታላቃቸው ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። እኚህ አዛውንት ስለ ባቲ ዳገት እያጫወቱኝ ሳለ ድንገት ንግግራቸውን አቋርጠው ጣታቸውን ቀና አደረጉ። ከሐረጎ በኩል አንድ የጭነት መኪና እየወረደ ነበር። እኔ የሰማሁት ተራ የሞተር ጩኸት ነው። እሳቸው ግን ጀርባቸውን ለመንገዱ እንደሰጡ «ዘገየ» አሉ። «ማርሹን የቀነሰው ኩርባው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፤ አሁን በፍሬን ነው የሚመጣው።» ጥቂት ቆይቶ አንድ ሲኖ ትራክ መጥቶ ሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ሲቆም የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ በረንዳውን ሞላው። ሹፌሩ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። ወርዶ ከጎማው የሚወጣውን ጭስ ሲያይ በቢጫ ጀሪካን ውሃ ይዞ ተጠጋ። አዛውንቱ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ተው ልጄ፣ ውሃ አታፍስበት፤ የጋለ ብረት በቀዝቃዛ ውሃ ይሰነጠቃል። ታኮ አድርግና ተወው፣ በራሱ ይብረድ።»

ልጁ ጀሪካኑን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ማን ነግሮን እንወቅ?» አለ።

ሻይ አብሮን ጠጣ። መንጃ ፈቃዱን ሲያወጣ ሙሉ ጭነት ይዞ ረጅም ቁልቁለት ወርዶ እንደማያውቅ፣ የመጀመሪያ ቁልቁለቱን ያየው የሰው ንብረት ጭኖ ብቻውን እንደሆነ ነገረን። ረዳትነት ሥር ያልፍ የነበረው ትምህርት ቀርቷል፤ በምትኩ የመጣ ነገር የለም። በየዓመቱ በመንገድ አደጋ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በሚሞትበት አገር፣ ቁልቁለትን በጆሯቸው የሚያነቡ ሰዎች በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ዕውቀታቸውን የቡና ወግ ብሎ ማጣጣል ድፍረት ነው። ሬዲዮው ላይ የተቀመጡት ሰው የሚያማክሩት ስለ ትራንስፖርት ከሆነ የዚያን ልጅ ጥያቄ ይመልሱ። ማን ይንገረው?

የበረሃውም ነገር እንዲሁ ነው። ከሚሌ ወዲያ በዲቼቶ፣ በኤሊዳርና በማንዳ አድርጎ ቡሬ እስኪደረስ ያለው ምድር ጎማ የሚያቀልጥ ነው። በቀን ሙቀት የጋለ ጎማ ውስጡ ያለው አየር ሲነፋ ጀማሪ ሹፌር ፈርቶ አየሩን ያስተነፍሰዋል፤ ጎማው ሲቀዘቅዝ አየሩ ያንሰዋል፣ በማግሥቱ እየተጣጠፈ ሲሄድ የበለጠ ይግልና ይፈነዳል። የጋለ ጎማ አይነካም፤ ይጠበቃል። ለዚህ ነው በረሃውን በሌሊት ያቋርጡ የነበረው። በየማረፊያው ደግሞ በብረት ዘንግ እያንዳንዱን ጎማ መትተው ድምፁን ያዳምጡ ነበር፤ ከጥንዶቹ ጎማዎች የውስጠኛው ሲተነፍስ በዓይን አይታይም፣ ድምፁ ግን ይደክማል። ይህን አባቴ የቤታችንን ግድግዳ በጣቱ እየመታ አስመስሎ አሳይቶናል፤ ደህናው ጎማ «ደንግ» ይላል፣ የሞተው «ዱብ»።

በ1977ቱ ድርቅ ከመርከብ የወረደው እህል ወሎ የገባው በእነዚሁ መኪናዎች ነው። እህሉ አሰብ ወደብ ላይ ተከምሮ ሳለ፣ ወደቡ ተጨናንቆ ሳለ፣ በረሃውን አቋርጠው፣ ከኮምቦልቻ በሐረጎ ደሴ ወጥተው፣ በወልድያና በአላማጣ አልፈው፣ የግራካሶን ጥምዝምዝ ዳገት ተሻግረው ኮረም ያደረሱት ሹፌሮችና ረዳቶች ናቸው። መንገዱ የጦርነት መንገድ ነበር፤ በአጀብ ነው የሚሄዱት፣ የፊተኛው መኪና ፈንጂ ላይ ሲወጣ የኋለኛው እያየ ነው። የዚያን ዘመን ታሪክ ስንናገር የለጋሹን አገር እንጠራለን፣ ዘፋኙን እንጠራለን፣ ጋዜጠኛውን እንጠራለን። ኩንታሉን ተሸክሞ ግራካሶን የወጣውን ሰው ስም የሚጠራ አንድም ሰው አልገጠመኝም።

ሌላም የሚያበሳጨኝ ነገር አለ። ከ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወዲህ የባሕር በር ጉዳይ የአገር አጀንዳ ከሆነ ጀምሮ ስለ አሰብ የማይናገር ሰው የለም። በየመድረኩ ርቀቱ በካርታ ላይ ይለካል፣ ሕጉ ይተነተናል፣ ታሪኩ ይጠቀሳል። አሰብ ከቢር የሚባለው ሰፈር የት እንደሆነ፣ ካምቦ ሱዳን በሚባለው ሰፈር ማን ይኖር እንደነበረ፣ የጭነት ወረፋው እንዴት እንደሚያዝ፣ በበጋው ንፋስ ጊዜ የጭነቱ ሸራ በምን ዓይነት ገመድ እንደሚታሰር፣ በመንገዱ ዳር ያለው የአፋር እረኛ ውሃ ሲለምን ሳይሰጡ ማለፍ እንዴት ያለ ነውር እንደነበረ የሚያውቁትን ሰዎች ግን መድረክ ላይ አላየሁም። በ2011 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት የቡሬ ድንበር ሲከፈት ከኮምቦልቻዎቹ አንዱ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብለው ማልቀሳቸውን ልጃቸው ነግራኛለች። ያለቀሱት ለፖለቲካው አልነበረም፤ ካሜራው ያሳየውን የመንገድ ኩርባ አውቀውት ነው። መንገዱ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ።

የሚነግሩን ሁሉ እንደወረደ እውነት ነው አልልም። ሰላሳ ዓመት ያለፈው የጭነት ኩንታል በትረካ ይጨምራል፣ የሽፍታው ቁጥር ይበዛል፣ በጫትና በእንቅልፍ የጠፋው ሕይወት ደግሞ ይዘለላል። ይህ ግን የሚጣራው አራቱን ለየብቻ ጠይቆ በማመሳከር ነው፤ የታሪክ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ሥራ ነው። ያጋንናሉ ብሎ አለመቅዳት፣ ምስክር ሊሳሳት ይችላል ብሎ ፍርድ ቤትን እንደመዝጋት ያለ ነው።

የባቡሩ ሠራተኛ ቢያንስ ለገሃር አለው፤ ልጁን እጁን ይዞ ወስዶ ሕንፃውን ያሳየዋል። የአሰብ ሹፌር የሚያሳየው ነገር የለውም። ወደቡ ከድንበር ማዶ ነው፣ ኤንትሬው ተቆራርጦ ለብረት ማቅለጫ ተሸጧል፣ የጫነበት ወረቀት የት እንደገባ አይታወቅም። የቀረው አፉ ብቻ ነው። በ1990 ዓ.ም. መስመሩ ሲዘጋ ሰላሳ ዓመት የነበረው ሹፌር ዛሬ ወደ ስድሳ ተጠግቷል፤ የኤንትሬን ደጉን ዘመን ያወቁት ደግሞ ሰማንያን እያንኳኩ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ካስተማራቸው ተመራማሪዎች ሁለቱን ለሦስት ወር ኮምቦልቻ፣ አዳማና ሎጊያ ቢልክ፣ የማሠልጠኛ ተቋማትም እነዚህን አዛውንቶች አበል ከፍለው ለአንድ ሳምንት ከሠልጣኝ ጋር ሐረጎን ቢያስወርዷቸው የሚጠይቀው ገንዘብ አንድ ተሳቢ ገደል ሲገባ ከሚጠፋው አይበልጥም።

የሬዲዮ ጣቢያውም አዘጋጁን መቅጃ አስይዞ ይላክ፤ እንግዳውም አብረውት ይሂዱ። ጥር ላይ አራት የነበሩት አሁን ሦስት ሆነዋል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያው በረንዳ ላይ ናቸው፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው።