ሁለት ቀን ለአንድ መስመር

ሶፍትዌር ድርጅት እንደምሠራ የሚያውቁ ሰዎች «ዛሬስ ምን ጻፍክ?» ይሉኛል። ጥያቄው ክፋት የለውም። እውነቱን ልናገርና፣ አብዛኛውን ቀን ምንም አልጽፍም። ሳነብ ነው የምውለው። የማነበው ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ ነው፤ አንዳንዴም እኔው ከዓመት በፊት ጽፌ የረሳሁትን። «ይሄን የጻፈው የቱ ደንቆሮ ነው?» ብዬ ስሙን ስፈልግ የራሴን ስም ያገኘሁበት ቀን ጥቂት አይደለም።

እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው፦ ድካማችን ያለው ማንበቡ ላይ ሆኖ ሳለ የምንመዘነው በጻፍነው ነው። ኮድ የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ከመጡ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ብሶበታል።

በቅርቡ የገጠመኝን ልንገራችሁ። «ትእዛዝ ስንልክ ገጹ ይንቀራፈፋል» የሚል የደንበኞች ቅሬታ መጣ። ኮዱን ከፈትኩት። መሃል ላይ ፕሮግራሙን ሦስት ሰከንድ ቆመህ ጠብቅ የሚል መስመር ተጎልቷል። ከጎኑ «እንዳትነኩት» የሚል ማስታወሻ አለ። በቃ። ለምን እንደማይነካ የሚናገር ነገር የለም። የጊትን መዝገብ አገላበጥኩ። (ጊት የትኛውን መስመር ማን፣ መቼ እንደለወጠው የሚይዝልን መሣሪያ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ባይሠራው ኖሮ ምን ይውጠን እንደነበር እንጃ።) መስመሩን ያስገባው ልጅ ድርጅቱን ከለቀቀ አራት ዓመት ሆኖታል። ሲያስገባ የተወልን ማብራሪያ አንዲት ቃል ናት፦ «ተስተካክሏል»።

ምኑ?

መስመሩን አጠፋሁትና በላፕቶፔ ሞከርኩት። ሰላም ነው፤ ገጹ እንደ ጥይት ይፈጥናል። «ጨረስኩ» ብዬ መላክ እችል ነበር። ግን ያ «እንዳትነኩት» ከነከነኝ። ወደ መሞከሪያው ሰርቨር ወሰድኩትና ትእዛዝ በላይ በላዩ ለቀቅኩበት። አልፎ አልፎ አንዷ ትጠፋለች። ስፈልጋት ዳታቤዙ ውስጥ ቁጭ ብላ አገኛታለሁ። ፕሮግራሙ ግን «የለችም» ብሎ ድርቅ ይላል።

ነገሩ የገባኝ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ትእዛዙ የሚጻፈው ዋናው ዳታቤዝ ላይ ነው። ፕሮግራማችን መልሶ የሚያነበው ግን ዋናው ላይ የተጻፈውን እየተከተለ ከሚገለብጠው ቅጂ ነው። ቅጂው ምንጊዜም ከዋናው ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሥራ ሲበዛበት ደግሞ ጭራሽ ይጎተታል። ትእዛዙ ቅጂው ጋ ሳይደርስ እኛ ቀድመን ደርሰን «የለም» ብለን እንመለሳለን። ልጁ ሦስት ሰከንድ ያስጠበቀው ለዚህ ነበር። እኔ ያችን አንዲት ንባብ ብቻ ከዋናው ዳታቤዝ እንድትሆን አደረግሁና መጠበቂያውን ሰረዝኩት።

አንድ መስመር ጠፋ፣ አንድ መስመር ተቀየረ፣ ሁለት ቀን ሄደ። የሳምንቱ ሪፖርት ላይ በስሜ ትይዩ «የተጠናቀቀ ሥራ፦ 1» ይላል። አጠገቤ የሚቀመጠው ጓደኛዬ 7 አለው። (ከሰባቱ ሦስቱ የአዝራር ቀለም መቀየር ናቸው። ቅናት እንዳይመስላችሁ።)

ይህ አቆጣጠር የቆየ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 አፕል ውስጥ ሊሳ የተባለውን ኮምፒውተር የሚሠሩ ባለሙያዎች በየሳምንቱ ስንት መስመር ኮድ እንደጻፉ ቅጽ እንዲሞሉ ይጠየቁ ነበር። ቢል አትኪንሰን በዚያው ሰሞን ሥዕል የሚሥለውን ክፍል እንደገና ጽፎት ስድስት እጥፍ ገደማ አፍጥኖታል፤ ኮዱም በ2,000 መስመር አጥሯል። ቅጹ ላይ ምን ቢሞላ ጥሩ ነው? ‎-2000። ጥቂት ሳምንት ቆይተው እሱን ቅጽ ሙላ ማለታቸውን ተዉት።

ሳይነበብና ሳይሰረዝ የቀረ ኮድ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ናይት ካፒታል የተባለውን የአሜሪካ የአክሲዮን ንግድ ድርጅት ያየ ያውቀዋል። ነሐሴ 1 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ነው። አዲሱ ኮድ ስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት፤ ሰባቱ ላይ ተጭኖ አንዱ ተረሳ። እዚያ አንዱ ላይ ለዓመታት የማይሠራበት፣ ግን ማንም ያልሰረዘው አሮጌ ኮድ ተኝቷል። አዲሱን ኮድ ለማስነሳት የተመረጠው ምልክት ደግሞ ድሮ ያንን አሮጌ ኮድ የሚቀሰቅሰው ምልክት ነበር። ገበያው ሲከፈት ሙት ነቃ። ድርጅቱ በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ።

አሁን ወደ አዲሱ ጣጣ ልምጣ። ከመሣሪያዎቹ ጋር ጠብ የለኝም፤ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። ያልገባኝን አሮጌ ኮድ ሲያብራሩልኝ ብዙ ቀን ደግፈውኛል። ችግሩ በአንድ ደቂቃ 400 መስመር መትፋታቸው ነው። ያ 400 መስመር እየተንከባለለ የሚመጣው ማንበብ ያለበት ሰው ጋ ነው። ያውም አጻጻፉ አምሮ፣ ማስታወሻው ተሰድሮ ስለሚመጣ ዓይን ያባብላል። ባለፈው ሳምንት አንዱን ባልደረባዬን «ይሄ መስመር እዚህ ለምን ገባ?» ብለው፣ «እኔንጃ፣ መሣሪያው ነው የጻፈው» አለኝ። ሌሊት ሰርቨሩ ሲወድቅ የሚደወለው ግን ለእሱ ሳይሆን ለእኛ ነው።

ለነገሩ ያንን ባለ ሦስት ሰከንድ ኮድም ለጉጉት ያህል ለመሣሪያው ሰጥቼ «አፍጥንልኝ» ብዬው ነበር። መጀመሪያ ያደረገው መጠበቂያውን ማጥፋት ነው። እኔም መጀመሪያ ያደረግሁት እሱኑ ስለሆነ አልፈርድበትም። ልዩነቱ እኔ «እንዳትነኩት» የሚለው እንቅልፍ ነሳኝ።

እ.ኤ.አ. በ2024 ማይክሮሶፍት የሚሠራው አንድሬስ ፍሮይንድ በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያ ነው) ወደ ሰርቨር ሲገባ ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደሚዘገይበት አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! ሌላው ሰው ልብ አይለውም። እሱ ግን ሥሩን ሲቆፍር ኤክስዜድ በተባለው፣ ብዙ የሊኑክስ ስርዓቶች በሚጠቀሙበት የፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ ስውር በር አገኘ። አደጋው በሰፊው ሳይዛመት ተደረሰበት። ይህን የመሰለ ሥራ የእኛ ሪፖርት ላይ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደሚገባ ቢነገረኝ ደስ ይለኛል።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። የሰው ኮድ መገምገም በእቅዱ ላይ ሰዓት ይያዝለት፤ ከሌላው ሥራ በተረፈች ደቂቃ የሚጣል አይሁን። በጠዋቱ ስብሰባ «ትናንት ምን ሠራህ?» ሲባል «አነበብኩ» ያለ ሰው ደግሞ እንደ ሰነፍ አይታይ።

መጠበቂያውን ስሰርዝ ማብራሪያውን በአንድ ቃል አልተውኩትም። ዋናው ዳታቤዝና ቅጂው እንዴት እንደሚለያዩ፣ ትእዛዟ የት እንደምትጠፋ፣ ማንም ሰው ችግሩን በራሱ እጅ ፈጥሮ እንዴት ሊያየው እንደሚችል 12 መስመር ጻፍኩ። የቡድን መሪያችን አየውና ሳቀ። «ይህን ሁሉ ማን ያነበዋል?» አለኝ።

«አራት ዓመት ቆይተህ ጠይቀኝ» አልኩት።