እርማት፦ በክረምት በቆመበት ስለሚነሳ አሮጌ መኪና

ወንድማችን ለጅማ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች የሰጡት ምክር፣ ማለትም «ክረምቱን መኪናውን አታውጡት፤ በየሳምንቱ ለአሥር ደቂቃ በቆመበት አስነስታችሁ አጥፉት፤ ላስቲክም አልብሱት» የሚለው፣ በቅንነት የተነገረና ብዙ ሰው የሚያምንበት ቢሆንም ትክክል አይደለም። አሮጌ መኪናን ክረምቱን ሙሉ ማስቀመጥ የሚመከረው በረዶ ለማቅለጥ በየመንገዱ ጨው በሚበተንባቸው አገሮች ነው፤ የጅማ ዝናብ ጨው የለበትም።

ይልቁንስ የሚጎዳው በቆመበት ማስነሳቱ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል በግምት አንድ ሊትር ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፤ መኪናው ካልተነዳ የጭስ ማውጫው ማርሚታ በበቂ ስለማይግል እንፋሎቱ እዚያው ውኃ ሆኖ ይቀርና ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንደተሠራ ሙስታንግ ባለ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቅ ዕቃ) በሆነ ሞተር ላይ ደግሞ፣ ቾኩ፣ ማለትም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን የሚቀንሰው ክዳን፣ ተዘግቶ ሳለ የሚገባው ትርፍ ቤንዚን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ያጥባል፣ ወደ ታች ወርዶም የሞተር ዘይቱን ያቀጥናል። የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱ ከሥሩ ወተት የመሰለ ቅባት ካገኙና የራዲያተሩ ውኃ ካልቀነሰ፣ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ እየጠፋ ነው ማለት ነው።

ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ረጋ ብሎ መንዳት ለዘይቱም ለባትሪውም ይበጃል። ሲመለሱ ከጎማዎቹ በላይ የተለጠፈውን ጭቃ ይጠቡ፤ በበሮቹ ግርጌ ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች እንዳልተደፈኑም ይመልከቱ። እርጥብ መኪና ላይ ላስቲክ ማልበስ እርጥበቱን ማፈን ስለሆነ፣ ወንድማችን እባክዎ ይህንንም ከምክርዎ ያውጡት።