ሌባ ገዢ ላመጣው ዕዳ ከፋዩ እኔ የምሆነው በምን ሂሳብ ነው?

ባለፈው ሳምንት ፎቶዎቼን ከምሸጥበት የስቶክ ኤጀንሲ (የፎቶግራፈሮችን ፎቶ በኢንተርኔት ለገዢ አቅርቦ ኮሚሽን የሚወስድ ድርጅት) አጭር ኢሜል ደረሰኝ። አንድ ገዢ የጥምቀት ፎቶዎቼን የገዛበት ካርድ የተሰረቀ ሆኖ ስለተገኘ የተከፈለኝ 23 ዶላር ከሂሳቤ ላይ ተቀንሷል፣ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን ይላል። የምን ትብብር? ማን ጠየቀኝ? ገዢውን አላውቀው፣ ካርዱን አላየሁት፣ ይለፍ ያሉት እነሱ፣ ፋይሉን ያስረከቡት እነሱ፣ ዕዳው ሲመጣ ግን አድራሻው እኔ ጋ ሆነ።

ስቶክ ላይ 23 ዶላር ለማግኘት ስንት ዳውንሎድ እንደሚፈጅ የሚሸጥ ሰው ያውቀዋል። ግን ከብሩ በላይ ያንገበገበኝ ፎቶዎቹ አለመመለሳቸው ነው። ልብስ ወይ ስልክ ቢሆን ተይዞ ይመለሳል፣ ፋይል አንዴ ወጣ ወጣ ነው። ጎንደር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሬ ፋሲለደስ መዋኛ ዳር ቦታ ይዤ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ያነሳሁት ፎቶ አሁን አንድ ነጻ ዎልፔፐር የሚያድል ሳይት ላይ በማላውቀው ሰው ስም ተቀምጧል። ከዛ ደግሞ አንድ አስጎብኚ ድርጅት አውርዶ የፌስቡክ ከቨር አድርጎታል፣ ደውዬ ስጠይቅ "ከጎግል ነው ያገኘነው" አሉኝ፣ ልክ ጎግል ጎንደር ወርዶ ካሜራ የያዘ ይመስል።

ይሄን ለአንድ ለማከብረው ነባር ፎቶግራፈር ስነግረው የመለሰልኝ "ዋተርማርክ አድርግበት፣ ካልሆነ አታልቅስ" ነው። ዋተርማርክ ማለት ፎቶው ላይ የሚታተም የባለቤት ምልክት ነው። ይሄን ምክር ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ፣ በቃ መሮኛል። ስቶክ ላይ የራስህን ዋተርማርክ ያለበት ፎቶ አፕሎድ ብታደርግ ገና ሪቪው ላይ ሪጀክት ያደርጉታል! ፕሪቪው ላይ የሚታየው የነሱ ዋተርማርክ ነው፣ የከፈለ ሰው ደግሞ ንጹሁን ያገኛል፣ በሰው ካርድ የሚገዛው ሌባም "ከፍሏል" እኮ። ታዲያ ዋተርማርኩ የሚያግደው ማንን ነው? ስክሪንሾት የሚያነሳውን ነው እንዳይባል እሱንም አያግድም። 2017 እ.ኤ.አ. ላይ የጎግል ተመራማሪዎች ራሳቸው ባወጡት ጥናት እንዴት እንደሚጠፋ አሳይተዋል፦ አንድ አይነት ምልክት ሺህ ፎቶ ላይ ስለሚደገም ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን እያስተያየ ምልክቱን ለይቶ ያጠናዋል፣ ከዛ ጠርጎ ያወጣዋል። ይሄ ያኔ ነው፣ ዛሬማ የስልክ አፕ ይሰራዋል። ስለዚህ ዋተርማርክ የሚለው ምክር ቤቱ የተዘረፈበትን ሰው በርህን ለምን ቀለም አልቀባህም እንደማለት ነው።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፣ ኮሚሽን የሚበላው ሰው የሚበላው ለምንድነው? እዚህ አገር መኪና በደላላ ስትሸጥ ደላላው 2 ፐርሰንቱን ይወስዳል። ገዢውን ግን አንተ ራስህ ፊት ለፊት ታገኘዋለህ፣ መታወቂያውን ታያለህ፣ ባንክ አብራችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሲፒኦው እውነተኛ መሆኑ ሳይረጋገጥ ቁልፍ አታስረክብም፣ ስለዚህ ብትጭበረበር ደላላውን ብዙም አትወቅሰውም፣ ሲጀመር የወሰደው 2 ብር ከመቶ ነዋ። አሁን ወደ ስቶክ ኑ። ከትልልቆቹ የስቶክ ኤጀንሲዎች አንዱ የሆነው ሹተርስቶክ ከሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፎቶግራፈሩ ያለው አከፋፈል ከ15 ፐርሰንት ይጀምራል፣ ብዙ የሸጠ እስከ 40 ይደርሳል፣ ግን በየዓመቱ ጃንዋሪ ሲመጣ ሁሉም ሰው ተመልሶ ከታች ይጀምራል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ከመቶው 15ቱን ስናገኝ 85ቱ እዛው ይቀራል ማለት ነው። እሺ 85ቱ የምን ነው? ሰርቨር ነው ይሉሃል፣ ማርኬቲንግ ነው፣ ክፍያ ማስተናገድ ነው፣ ደንበኛ ማጣራት ነው ይሉሃል። በጣም ጥሩ! ክፍያ ማስተናገድና ደንበኛ ማጣራት የናንተ ስራ ከሆነ፣ ለሱም 85 ፐርሰንት ከወሰዳችሁ፣ ሳታጣሩ ያስገባችሁት ሌባ ያመጣውን ኪሳራ እንዴት 15 ወዳገኘው ሰው ትገፉታላችሁ? ሌንሱን የገዛሁት እኔ፣ ጎንደር ድረስ የሄድኩት እኔ፣ ለአልጋ የከፈልኩት እኔ፣ ከሰዎቹ የሞዴል ሪሊዝ (ፎቷቸው እንዲሸጥ የሚፈቅዱበት ወረቀት) ያስፈረምኩት እኔ፣ ለያንዳንዱ ፎቶ 40 ምናምን ኪይወርድ (ፎቶው ሲፈለግ የሚገኝበት ቃል) የጻፍኩት እኔ፣ አሁን ደግሞ የካርድ ሌባ ዋስም እኔ ልሁን?

ማጭበርበርን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይቻልም የሚል ይኖራል፣ እሺ አይቻል። ግን ዛሬ የተከፈተ አካውንት፣ ዛሬውኑ፣ በትልቁ ላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ)፣ መቶ ሁለት መቶ ፎቶ በአንዴ ሲያወርድ የሚያየው ማን ነው? እነሱ ናቸው። እኔ ዳሽቦርዴ ላይ የማየው ቢበዛ ገዢው ያለበትን ቦታ የምታሳይ ካርታ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ ናት። ማየት የሚችለው ዕዳ የለበትም፣ ዕዳ ያለበት ማየት አይችልም። ኪሳራው ከነሱ ኪስ የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ገዢው እስኪጣራ ትልቁን ፋይል 24 ሰዓት ያቆዩት ነበር፣ አልጠራጠርም። ከእኛ ኪስ እስከወጣ ድረስ ምን አስቸኮላቸው?

አቅም የላቸውም እንዳይባል ደግሞ የራሳቸው ገንዘብ ሲሆን ማደኑን ያውቁበታል። 2016 እ.ኤ.አ. ላይ ካሮል ሃይስሚዝ የምትባል አሜሪካዊት ፎቶግራፈር አንድ ፎቶ ሳይቱ ላይ በመለጠፉ ድርጅቷ 120 ዶላር እንዲከፍል በአላሚ ኤጀንሲ ስም ደብዳቤ መጣባት። ፎቶው የራሷ ነው! ለአሜሪካው ኮንግረስ ላይብረሪ ሰጥታው ሰው ሁሉ በነጻ እንዲጠቀምበት የፈቀደችው ነው። ያንኑ ስብስቧን ይሸጥ የነበረውን ጌቲ የሚባል ትልቅ የፎቶ ኤጀንሲና አላሚን 1 ቢሊዮን ዶላር ከሰሰች፣ ፎቶዎቹ የሕዝብ ናቸው ተብሎ ዋናው ክሷ ውድቅ ሆነ። ከመላው ኢንተርኔት ውስጥ አንዲትን ፎቶ ለይቶ ባለቤቷን ራሷን 120 ዶላር የሚጠይቅ ማሽን ያለው ኢንዱስትሪ የኔን የጎንደር ፎቶ ዎልፔፐር ሳይት ላይ ማግኘት አቃተኝ ቢለኝ አላምነውም።

የአገራችን ሕግም ቢሆን እዚህ ጋ ያበሳጫል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሞራል ካሳ ከ100 ሺህ ብር እንዳያንስ ይላል፣ ጎበዝ፣ አስጎብኚው ድርጅት ይስማ። ግን ይኸው አዋጅ ፎቶግራፍ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም ወይም የባለቤቱ ምልክት ሲኖርበት ነው ይላል፣ ለዛውም ለ25 ዓመት፣ ደራሲ ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ሲጠበቅለት። ምልክቱን እኮ ሌባው ነው የሚያጠፋው! ያጠፋልኝ ሰው በማጥፋቱ ሊጠቀም ነው? እኔ የማምነው ስቶክ ላይ ያለው ፖርትፎሊዮዬ ራሱ "ስብስብ" እንደሆነ ነው፣ አይደለም የሚል ጠበቃ ካለ ፍርድ ቤት ቀርቦ ይንገረኝ።

ለአስጎብኚው ድርጅት ደብዳቤ ሰጥቻለሁ፣ ከነኦሪጅናል ሮው ፋይሉ (ካሜራው በቀጥታ ያወጣው ያልተነካ ፋይል) ፕሪንት። ለኤጀንሲው ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቄያለሁ፣ ያ ሰውዬ በአጠቃላይ ስንት ፎቶዬን ነው ያወረደው፣ ከናንተ ድርሻስ ስንት ተቀነሰ? መልሱ እስኪመጣ የጎንደርን ፎቶዎች በሙሉ ከዛ አውርጃቸዋለሁ፣ የዘንድሮውን ጥምቀትም እዛ አልጭንም።