ላስታዎች ሆይ፣ እያሳሳቀ እየወሰደን ነው

የላስታ ወገኖቼ፣ የከተማ ማደግ አያስቆጣኝም። ላሊበላ ሆቴል ቢሠራባት፣ መንገድ ቢነጠፍላት፣ የገጠሩም ጎጆ አምፖል ቢያበራ ደስታዬ ነው። በኩራዝ ጢስ ዓይኑ የታመመን ሰው ጨለማን ውደድ ቢሉት ይራገማል እንጂ አይሰማም። የምቆጣው በምናድግበት አኳኋን ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እኛን እያሳሳቀ የሚወስደን ልማት ብለን የጠራነው ነገር ሆኗል።

ከተራራው ልጀምር። በአቡነ ዮሴፍ አናት ላይ የሚወርደው ዝናብ ወዲያው አይሸሽም፤ የጓሳው ሣርና የአስታው ቁጥቋጦ ይዘው ያቆዩታል፣ ቀስ እያለ ይሰርጋል፣ ታች ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ያንን አናት እስከ ጫፉ አርሰን ገብስ ስንዘራበት የምናርሰው ምንጩን ነው። ከዚያ ጀሪካን ደርድረን ውሃ ጠፋ እያልን እናማርራለን።

በጥርና በየካቲት ወጥተን እርከን እንሠራለን። ድንጋይ እንሸከማለን፣ እንፎክራለን፣ እናጨበጭባለን። ዘመቻው ሲያልቅ ከብቱን እንለቅበታለን! አንድ በሬ በኮቴው አንዲት ድንጋይ ያንከባልላል፤ የሐምሌ ጎርፍ ያችን ክፍተት ፈልጎ አያጣትም፤ መስከረም ሲጠባ ጥጃ የሚውጥ ቦረቦር ሆና ትጠብቀናለች። አፈሩስ? ወደ ተከዜ። ተከዜ ከእኛው አገር ተነሥቶ የእኛኑ አፈር ተሸክሞ ይወርዳል፤ እኛ ጤፍ እናበቅልበት የነበረውን የታችኛው ግድብ ደለል ብሎ ይቀበለዋል።

ባሕር ዛፍ አትትከሉ አልልም። በድንጋያማ ተዳፋት ላይ ተክሎ ልጁን ያስተማረበት ገበሬ ሞልቷል፤ እሰየው። ምንጭ ራስ ላይ መትከል ግን ምን የሚሉት ጥጋብ ነው? ይህን የምለው ከፈረንጅ ደብተር ገልብጬ እንዳይመስላችሁ። መንዞች የጓሳን ሣር በአባቶቻቸው ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀውታል፤ ዓመታት ይዘጋል፣ ቀኑ ሲደርስ ይከፈታል፣ ቀድሞ የገባ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያናጋውም ጓሳው ዛሬም አለ። እኛም ቤተ መቅደሱን ከአለት ሲፈለፍሉ የዝናቡን መውረጃ አብረው የቀረጹ ሰዎች ልጆች ነን፤ ዛሬ ቤት እንሠራና ውሃውን በጎረቤት ላይ እንለቀዋለን።

አሁን ወደ ሌሊቱ። እንጦጦ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ መስተዋታቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። የአዲስ አበባ መብራት ግን ሰማዩን ከሥራቸው እያደበዘዘባቸው ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ለተሻለ ማዕከል ዓይናቸውን የጣሉት በላሊበላ ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ፍኖተ ሐሊብን፣ ያንን ሰማይ የሚያቋርጠውን ነጭ የከዋክብት መስመር፣ በሥዕል ያውቀዋል፤ የእኛ ልጅ ሽንቱ መጥቶ ደጅ ሲወጣ ያየዋል። ሀብት መሆኑን የሚነግረን ስላጣን እንደ ድህነት ቆጠርነው።

አንድ ሆቴል አለ፣ ስሙ ይቅር። ጣሪያው ላይ ትልቅ ነጭ ፓውዛ ተክሏል፤ ብርሃኑ ሽቅብ ሄዶ ደመና ያበራል። እዚያው ሥር የእንግዳ መግቢያው ደረጃ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው፤ እንግዳው በስልኩ መብራት እየዳበሰ ይወጣል። ለሰማይ የመብራት ሂሳብ የሚከፍል ሰው ያየሁት እዚያ ነው።

ነገሩ ከባድ ሳይንስ አይጠይቅም። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ብርሃን በአየር ውስጥ ይበልጥ ይበተናል፤ ቢጫው ይሻላል። አምፖሉ ቆብ ይደፋ፣ ወደ መሬት ይይ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ይጥፋ። የታጠበ አፈር በአንድ ትውልድ አይመለስም፤ የደረቀ ምንጭም ብዙ ያስለምናል። የሰማዩ ጥፋት ግን ገና ሳይበረታ በአንዲት ማጥፊያ ይታረማል። ከተማው ሙሉ በሙሉ በፓውዛ ከተሞላ በኋላ ማን ምሰሶ እየነቀለ ይዞራል? ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው።

እንግዲህ የቀበሌ ሰዎች፣ የዘንድሮው እርከን ላይ ከብት እንዳይገባ የምትቀጡበትን ደንብ ዘመቻው ሳይጀመር ጻፉ፤ ምንጭ ራስ ላይ የተተከለውንም ባሕር ዛፍ ባለቤቱ ራሱ ቆርጦ ይሽጠው። ባለ ፓውዛው ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ መሰላልህን አምጣና መብራቱን ወደ ደረጃው አዙረው፤ እንግዳህ ተሰብሮ ሳይከስህ።