ነጻው ኦፕራሲዮንና የሌሊቱ ማዘዣ

እናቲቱ ኦፕራሲዮን ክፍል ልትገባ ነው። ነርሷ በር ላይ ለባልየው ብጣሽ ወረቀት ትሰጠዋለች። ጓንት፣ የስፌት ክር፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ)፣ አንቲባዮቲክ። «እዚህ አልቋል፣ ከውጭ ገዝተህ ቶሎ ና።» ከጀርባዋ ያለው ማስታወቂያ ደግሞ «ወሊድ በነጻ ነው» ይላል።

ማስታወቂያው አልዋሸም። ለኦፕራሲዮኑ የሚጠየቅ ክፍያ የለም። ግን ያለ ክር ምን ይሰፋል?

የምዕራብ አፍሪካዋ ማሊ በኦፕራሲዮን መውለድን ነጻ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። እዚያው አካባቢ ያለችው ቤኒን በ2009 ተከተለች። መንገዳቸው ለየቅል ነው። ማሊ ዕቃውን በኪት፣ ማለትም አንድ ላይ በታሸገ ጥቅል፣ አዘጋጅቶ ለሆስፒታል መላክን መረጠች። ቤኒን ደግሞ ለአንድ ኦፕራሲዮን 100,000 ሴፋ ፍራንክ (የአካባቢው አገሮች የጋራ ገንዘብ ነው) ለሆስፒታሉ መክፈልን።

ሁለቱም ቀዳዳ አላቸው። ኪቱ ብዙም ላልተወሳሰበ ኦፕራሲዮን ተብሎ ከተሰናዳ ለከባዱ አይበቃም። ማህፀኗ የተቀደደባት እናት ግን ተጨማሪ ክር፣ ተጨማሪ ግሉኮስ፣ ደም ያስፈልጋታል። ኪቱ እሷን አያውቃትም። ስለዚህ ብዙ የሚያወጣው ክፉኛ የተጨነቀው ቤተሰብ ይሆናል። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ክፍያውም ቢሆን ከዘገየ ሆስፒታሉ ለአቅራቢው አይከፍልም፣ አቅራቢውም ዕቃውን ይይዛል፣ መደርደሪያው ባዶ ይቀራል።

ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም። የደም መፍሰስን የሚከላከለው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ እንዲቀመጥ ይመከራል። በባልየው ኪስ ሲመጣ ሙቀቱን ማን ለካ?

ነርሷን አልወቅስም። ወረቀቱን ባትሰጠው እናቲቱ ትጠብቃለች፤ መጠበቅ ደግሞ አትችልም። ማዘዣው በአንድ ጀንበር ይጥፋም አልልም። ግን ይመዝገብ። ቤተሰብ ከውጭ የገዛው ሁሉ ከነዋጋው በእናቲቱ ካርድ ላይ ይጻፍ፣ በደረሰኙም ገንዘቡ ይመለስለት። ሪፖርት የሚቆጥረው ስንት እናቶች በነጻ እንደታከሙ ነው። ባልየው የገዛው ክር የትም ካልተጻፈ፣ የከርሞ ግዢ ሲታቀድ እጥረት የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ነው።

«በዚያ ጥድፊያ ማን ፎርም ይሞላል?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ በሌሊቱ አይሆንም። ግን በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ቀናት ተኝታ ነው የምትወጣው። ስትወጣ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ከውጭ ምን ገዛችሁ?»