ስሙን ከገዙ ሙያውንም ይያዙ

ባለፈው ጥር ልጄን ይዤ ድሬዳዋ ሄድኩ። ከተማዋን ለቅቄ አዲስ አበባ ከገባሁ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ በመሀል ለለቅሶና ለሠርግ ብቅ ብል እንኳ አንድ ሌሊት አድሬ ነበር የምመለሰው። የአሥር ዓመቷ ልጄ ድሬን የምታውቃት በእኔ ወሬ ብቻ ነው። ከወሬዬ ሁሉ አስደጋግማ የምታስነግረኝ ደግሞ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ስላለ አንድ የፈጢራና የፉል ቤት ነው። የቤቱን ስም አልጠራም። ባለቤቱን ማሳጣት አልፈልግም፤ ነገሩም የአንድ ቤት ብቻ አይደለም።

ቤቱ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ጎህ ሲቀድ ፈጢራ ጋጋሪው በሩ ላይ ይቆማል። በዘይት ርሶ ከቆየው ሊጥ አንድ ድቡልቡል ያነሣል፣ ጠረጴዛው ላይ በመዳፉ ይጠፈጥፈዋል፣ ከዚያ ጫፉን ይዞ አየር ላይ እያወናጨፈ እንደ ነጠላ ያሳሳዋል። ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ እስኪታይ ድረስ ማለቴ ነው። በጋለው የብረት ምጣድ ላይ ይዘረጋውና እንቁላሉን መሀሉ ላይ ሰብሮ አራቱን ማዕዘን ያጥፋል። ተገላብጦ ሲወጣ ጠርዙ ይንኮሻኮሻል፣ ሆዱ ግን ለስላሳ ነው። ማሩ ትኩስ ሳለ ይፈስበታል። እኛ ልጆቹ ከቁርሱ እኩል እጁን ለማየት ነበር በማለዳ የምንነሣው። ፉሉ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ከሰል ላይ ሲንተከተክ ያደረ ነው። ከሙኑና ዘይቱ፣ የተከተፈው ቲማቲም፣ ሽንኩርቱና ቃሪያው የሚጨመሩበት ሳህን ላይ ሲወጣ ብቻ ነው።

ይህ ምግብ ድሬ ላይ በአጋጣሚ አልተገኘም። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር የሚያስወጣው ተራራ አላሳልፍ አለው፤ ከተማዋም በዚያ ምክንያት ሜዳው ላይ ተቆረቆረች። ከሐዲዱ ጋር የመናዊው፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና ፈረንሳዩ መጥቶ ከኦሮሞው፣ ከሶማሌው፣ ከሐረሪውና ከአማራው ጋር ጎረቤት ሆነ። ከየመኖቹ ጓዳ የወጣው ፈጢራ የሁሉም ቁርስ ሆኖ ቀረ። በልጅነቴ በዚያ ቤት ረጅም አግዳሚ ላይ የምድር ባቡር መካኒክ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ከመጋላ የተሻገረ ነጋዴ፣ ወደ ቀፊራ ገበያ የምትቸኩል ቅመም ሻጭና ደብተር የያዘ ተማሪ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ይበሉ ነበር። ባለቤቱን ሀጂን ሁላችንም «አንተ» ነበር የምንላቸው፤ ድሬ ላይ ሰው ሲወደድ አንቱታው ይቀራል።

በሩ አጠገብ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ እንስራ ነበር፣ አፉ ላይ ጣሳ የተደፋበት። ከዚያ ለመጠጣት ምግብ ማዘዝ አያስፈልግም። ባለጋሪው ይጠጣል፣ ተሸካሚው ይጠጣል፣ መንገደኛው ፊቱን ያረጥብበታል። የድሬን ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አላስረዳም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲፈጅ፣ ሀጂ ለቀናት ቤታቸውን ከፍተው ንብረቱን ጎርፍ የወሰደበትን ሁሉ በነፃ አበሉ። ሳህን ካመላለሱት ልጆች አንዱ እኔ ነበርኩ።

ሀጂ አርጅተው፣ ልጆቻቸውም ውጭ አገር ቀርተውባቸው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤቱን ሸጡ። አልፈርድባቸውም። አሮጌው ባቡር ቆመ። አዲሱ ሲመጣም ጣቢያው ከከተማ ውጭ ሆነ፤ ከፉርጎ ወርዶ በቀጥታ «ፈጢራ!» የሚል መንገደኛ ቀረ።

እኔና ልጄ ስንደርስ ሰሌዳው እንዳለ ነው። ያው ስም፣ ያው አረንጓዴ ፊደል፣ ከሥሩ ደግሞ አዲስ ጽሑፍ፦ «የድሮው ጣዕም»። ልጄ ጮክ ብላ አነበበችው። ደስ አለኝ።

አግዳሚው ተነሥቶ የሁለትና የአራት ሰው ጠረጴዛ ገብቷል። ቤት ይታደሳል፣ ይህን አልቆጥረውም። በሩ ላይ ግን ምጣዱም ጋጋሪውም የሉም። ፈጢራው ከጓዳ መጣ፤ ወፍራም፣ ለብ ያለ፣ ላዩ ላይ ቸኮሌት የፈሰሰበት። ማር ስጠይቅ የስኳር ሽሮፕ ቀረበልኝ። አስተናጋጇ ትሁት ልጅ ናት፤ ሊጡ ተዘጋጅቶ ከሌላ ቦታ እንደሚመጣና በማይክሮዌቭ እንደሚሞቅ ሳትደብቅ ነገረችኝ። ፉሉ የቆርቆሮ ነው፤ አፍ ላይ ያስታውቃል። ልጄ ሁለቴ ጎርሳ ተወችው። «አባዬ፣ ያ የምታወራልኝ ይሄ ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

እንስራው የነበረበት ቦታ ላይ የታሸገ ውሃ ማቀዝቀዣ ቆሟል። ስንወጣ አንድ ሽማግሌ ተሸካሚ በሩ ላይ ቆመው ውሃ ሲለምኑ ጥበቃው «አባባ፣ እዚህ አይቆምም» አላቸው። ከፈጢራው የበለጠ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ተመልሼ አንድ ጠርሙስ ገዝቼ ሰጠኋቸው፤ መረቁኝ፤ ምርቃቱ ግን አላስደሰተኝም፤ በዚያ በር ላይ ውሃ ተለምኖ አያውቅም ነበርና።

በዋጋው አልተከፋሁም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዘይትና ዱቄት የት እንደደረሰ በራሴ ጓዳ አውቀዋለሁ። አዲሱ ባለቤት ላቡን አውጥቶ የገዛውን ቤት ፒዛ ቢሸጥበትም መብቱ ነው። ያኔ ስሙን ያወርዳል፤ እኔም ትዝታዬን ይዤ እቀመጣለሁ። ስሙን ሰቅሎ «የድሮው ጣዕም» ብሎ ሲጽፍበት ግን ለእኔም ለልጄም ቃል ሰጥቷል። ያ ስም ገዢ ያገኘው በሊጡና ሌሊቱን በሚያድረው ከሰል ነው፤ በእንስራውም ነው። ቤት ሲሸጥ ወንበሩና ድስቱ ሳይቀር ይቆጠራል። ከሃያ ዓመት በላይ ምጣድ ላይ የቆመውን ሰው ግን ማንም አይቆጥረውም። ገዢው እሱን አንድ ዓመት ቢያቆየውና ሁለት ወጣቶች ከጎኑ ቢያቆምለት፣ ወጪው ለመብራትና ለመስታወት ካወጣው ይበልጣል ብዬ አላምንም። ሙያው በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ያለው ክንዱ ላይ ነው። እሱ የወጣ ዕለት አብሮት ወጥቷል።

ጋጋሪውን ሳቢያን ሰፈር አገኘሁት። አንድ ጎረቤት ባለሱቅ ነበር የጠቆመኝ። መንገድ ዳር፣ ከላሜራ ጥላ ሥር፣ አንዲት ትንሽ ምጣድ ይዞ ቆሟል፤ ጸጉሩ ሸብቷል። ገና ከሩቅ «ዋሪያ! ጠፋህ እኮ!» አለኝ። ቤቱ በተሸጠ በሁለተኛው ወር «ዘይት ታበዛለህ፣ ትዘገያለህ» ተብሎ መሰናበቱን ነገረኝ። ሲነግረኝ እጁ ከሊጡ አልተለየም። ለልጄ ከእንቁላሉ ጋር አንድ ጠፈጠፈላት። ሊጡን ወደ ላይ ሲያወናጭፈው ልጄ አፏን ከፍታ ቀረች፤ እኔም እንባዬ መጣ። «ቢጠሩኝ ነገውኑ እሄዳለሁ» አለኝ፤ «ያ ምጣድ እኮ ከሚስቴ በፊት የማውቀው ነው።»

ልንመለስ ስንል አዲሱን ባለቤት ሂሳብ መቀበያው ጋ አገኘሁት። ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ሠርቶ አዳሪ ሰው ነው። ያየሁትን ሁሉ፣ የሽማግሌውንም ነገር ጭምር፣ ድምፄን ሳላነሣ ነገርኩት። አላቋረጠኝም። በመጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ «ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ እኔ የድሮውን ፈጢራ ቀምሼው አላውቅም» አለኝ። የጋጋሪውን ስልክ ጽፌ ሰጠሁት፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ከጋጋሪው ጋር አሁንም እንደዋወላለን። ሦስት ወር ሆነ፤ የደወለለት የለም።